በየወደቡ አንድ ሹም ይቁምልን

ይድረስ፦ በጣና ዙሪያ ላላችሁ የከተማና የወረዳ አስተዳደሮች፣ ለጀልባ ማኅበራት፣ እንዲሁም በሐይቁ ላይ ለምትሠሩና ለምትዝናኑ ሁሉ

ጤና ይስጥልኝ።

የተወለድኩት ዘጌ ነው። ልጅ ሳለሁ አባቴ በታንኳ እንጨት ጭኖ ባሕር ዳር ገበያ ሲሄድ አብሬው እሄድ ነበር። ካደግሁ በኋላ በሞተር ጀልባ መጀመሪያ ረዳት፣ ቀጥሎ ካፒቴን ሆንኩ፤ መሪ ከያዝኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ትንሽ ነው የቀረው። ልጆቼን ያሳደግሁት ይህ ሐይቅ በሰጠኝ እንጀራ ነው። ስለዚህ የምለምነውን ነገር እንደ አንድ የሐይቁ ልጅ ልመና ቁጠሩልኝ።

የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ወደቡ ላይ ቆሞ፣ ሰማዩንም ጀልባውንም አይቶ፣ የተሳፈረውን ሰው ቆጥሮ «ዛሬ አትወጡም» ለማለት ሥልጣን ያለው፣ ስሙና ስልኩ በሁሉም ዘንድ የሚታወቅ አንድ ሰው ይሾምልን። በየወደቡ አንድ።

በሠራሁባቸው ዓመታት በመዝናኛ ጀልባዎች በኩል እንዲህ ያለ ሰው አላጋጠመኝም። ማኅበር ተራ ያወጣል። ፈቃድ ሰጪው ወረቀት ያድሳል። የቱሪዝም ባለሙያው እንግዳ ይቆጥራል፣ የአካባቢ ጥበቃው ስለ እምቦጭ ስብሰባ ይጠራናል፣ ፖሊስ ክፉ ነገር ከደረሰ በኋላ ይመጣል። ሁሉም በየፊናው ሥራ አለው፤ አልክድም። ግን ሁሉም ሥራውን ጨርሶ ሲሄድ ዳር ላይ የሚቀሩት ካፒቴኑና ተሳፋሪው ናቸው። ካፒቴኑ ደግሞ እንጀራው ከመውጣቱ ጋር የታሰረ ሰው ነው። ነዳጅ ገዝቶ፣ ተራው እስኪደርስ ቀናት ጠብቆ፣ ደመና ስላየ ብቻ የመጣለትን እንግዳ «ነገ ይምጡ» ብሎ እንዲመልስ መጠበቅ ከባድ ነው። እኔ ራሴ መመለስ ሲገባኝ ያልመለስኩባቸው ቀናት አሉ።

አንዱን ልንገራችሁ። ግንቦት ነበር። ጠዋት ወደ ዘጌ ስንሄድ ውኃው ረግቶ ዘይት መስሎ ነበር። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አሥራ አንድ ሰው ጭኜ ለመመለስ ተነሣሁ። መንገዱን እንዳጋመስን ሞተሩ አጓራና ቀጥ አለ። ጎንበስ ብዬ ሳይ፣ ዓሣ አጥማጅ ጥሎት የሄደ ያ ቀጭኑ የናይለን መረብ ጀልባውን በሚገፋው ፕሮፔለር ላይ ተጠምጥሞ አንቆ ይዞታል። ረዳቴ ልብሱን አውልቆ ገባ፤ ቢላዋውን በጥርሱ ነክሶ እየጠለቀ መቁረጥ ጀመረ። እሱ ውኃ ውስጥ ሳለ በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቆረ፣ ነፋሱም መጣ።

ሰው እንዳይሰጥም የሚለበሱት ላይፍ ጃኬቶች ከመቀመጫው ሥር በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ነበር። ስድስት ናቸው። ከመነሣታችን በፊት አላወጣኋቸውም፤ «አውጣ» ያለኝም የለም። ጀልባው እየተናጠ የረጠበ ገመድ ቋጠሮ ለመፍታት ስታገል የጣቶቼ መንቀጥቀጥ እስከ ዛሬ አይረሳኝም። አንዱን አራት ዓመት ለማይሞላው ልጅ አለበስኩት። ጃኬቱ የአዋቂ ስለነበር በጭንቅላቱ ሾልኮ ሊወጣ ሆነ፤ እናቱ ነጠላዋን አውልቃ ወገቡ ላይ ጠበቅ አድርጋ አሰረችለት። ሌላኛዋ እናት ዓይኗን ጨፍና የኪዳነ ምሕረትን ስም ትጠራ ነበር።

ዳር ላለ ጓደኛዬ ደወልኩ። እሱ አንድ ቢሮ ደወለ፤ እዚያ ያሉት «ይህ እኛን አይመለከትም፣ እነ እገሌ ጋ ደውል» አሉት። እነ እገሌም ሌላ ቁጥር ሰጡት፤ ያ ቁጥር አይነሣም። ያዳነን ወደ ባሕር ዳር የሚመለስ የጭነት ጀልባ ነው፤ ገመድ ወርውሮልን ጎትቶ አወጣን። ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ ግን ከወረድን በኋላ የሆነው ነው። የጠየቀን ሰው የለም። ስንት ሰው ጭነን እንደወጣን፣ በስንት ሰዓት መመለስ እንደነበረብን የሚያውቅ አንድም ሰው ዳር ላይ አልነበረም። ብንቀር ኖሮ መጥፋታችንን መጀመሪያ የሚያውቁት እራት አቅርበው የሚጠብቁ ቤተሰቦች ነበሩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ያኔ ነበር።

ብዙ እንግዳ ጣናን እንደ ኩሬ ያየዋል። ከዳር ሲያዩት ገር ነው። ግን ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ እስከ 66 ኪሎ ሜትር ነው፤ ጥልቀቱ በጥልቁ ቦታ እንኳ ከ14 ወይም ከ15 ሜትር አያልፍም። ጥልቀቱ ማነሱ የሚያጽናና ይመስላል። ነገሩ ግልባጩ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ላይ ነፋስ ሲነሣ ማዕበሉ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል፤ አንዱ አልፎ ጀልባው ሳይስተካከል ሌላው ይደርሳል። ጠዋት የተኛ ውኃ ከሰዓት በኋላ ይነሣል፤ በበልግ መጨረሻና በክረምት ደግሞ ነጎድጓድ ይጨመርበታል። አባቶቻችን «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ያሉት ይህን አይተው ይመስለኛል። ታንኳ ቀዛፊዎቹ ይህን ሁሉ ያውቁታል፤ ለዚህም ነው ሌሊት ተነሥተው ረፋዱ ሳይገፋ የሚደርሱት። የማያውቀው ቅዳሜ ከሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣው ወጣት፣ ሠርጉን በጀልባ ሊያደምቅ የሚመጣው ሙሽራና አጃቢው ነው። አሥር ሰው በሚጭን ጀልባ ላይ ሚዜው፣ ካሜራ ማኑ፣ ዘፋኙ ሁሉ በአንድ ጎን ቆመው ሲጨፍሩ አይቻለሁ። ካፒቴኑ ደስታ ላለማጥፋት ዝም ይላል። ማን ይናገር?

ስለ ማረፊያውም ልናገር፤ ይህን ሁሌ የምናየው ስለሆነ እንደ ጉዳት መቁጠር ትተናል። የጣና ውኃ በመስከረምና በጥቅምት ሞልቶ ሰኔ ሲገባ ከአንድ ሜትር በላይ ወርዶ ይገኛል። አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ቦታ የጫራ ጫራ የውኃ መቆጣጠሪያ ግድብ በ1988 ዓ.ም ገደማ ከተሠራ፣ በኋላም የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም ከሐይቁ ውኃ መቅዳት ከጀመረ ወዲህ ከፍታው በሰው እጅም ጭምር የሚወሰን ሆኗል። በ1995 ዓ.ም ውኃው ክፉኛ ወርዶ መርከቦች ለወራት መንቀሳቀስ እንዳቆሙ አስታውሳለሁ፤ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ ድሮ ዋኝተን የምንሻገርበት ቦታ ላይ በእግራችን ጭቃ ረግጠን ቆመናል። እንዲህ ለሚወጣና ለሚወርድ ውኃ የተሠራው ማረፊያ ግን ድንጋይና ሲሚንቶ ነው፤ ቦታውን አይለቅም። በጥቅምት ከጀልባው እኩል የሆነው ደረጃ በሰኔ ከደረት በላይ ይሆናል።

አንድ የእመቤታችን ቀን ወደ ዘጌ ሊሄዱ የመጡ አንዲት እናት ነበሩ፤ መቋሚያ ይዘዋል፣ ጫማቸውን አውልቀው በፌስታል አንጠልጥለዋል። አንድ እግራቸውን ጀልባው ላይ እንዳሳረፉ ጀልባው ሸሸ። ሌላው እግራቸው ድንጋዩ ላይ ቀረ። ሁለት ልጆች ብብታቸውን ይዘው ባያነሷቸው በድንጋዩና በብረቱ መካከል ይወድቁ ነበር። «ልጄ፣ እመቤቴ ናት የያዘችኝ» አሉኝ፤ እኔም አሜን አልኩ። ግን በርሜል ከሥሩ ታስሮለት ከውኃው ጋር እየወጣ የሚወርድ የጣውላ መረማመጃ ቢኖር እሳቸው እንደ ሰው ተራምደው ይገቡ ነበር። ይህን ባሕር ዳር ያለ ማንኛውም ብየዳ ቤትና አናጢ ይሠራዋል። ያልተሠራው ውድ ስለሆነ አይመስለኝም፤ «ይህ የእኔ ሥራ ነው» የሚል ስለጠፋ ነው።

እህቴ አሜሪካ፣ ቦስተን አቅራቢያ ባለች ትንሽ የባሕር ዳርቻ ከተማ ትኖራለች። ልጠይቃት ሄጄ ሁለት ወር ያህል ከረምኩ፤ ሥራ መፍታት ስለማልችል ጠዋት ጠዋት እግሬ ወደ ጀልባዎቹ ይወስደኝ ነበር። እዚያ ነው «ሀርበርማስተር» የሚሉትን ሰው ያየሁት። በማሳቹሴትስ ሕግ ይህን ሰው የሚሾመው ራሱ ከተማው ነው። ያየሁት ሰው ብዙ የማያወራ ሽበታም ሲሆን አንዲት ትንሽ ቢሮና አንዲት ፈጣን ጀልባ ነበረችው። የትኛው ጀልባ የት እንደሚታሰር የሚወስነው እሱ ነው፤ ጀልባ እንዲታሰርበት ውኃው ሥር የተጣለው ከባድ ነገር ሁሉ የራሱ መለያ ቁጥር አለው፣ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። ወደቡ አፍ ላይ የሚፈጥነውን ያስቆማል። የአደጋ ጥሪ ሲመጣ በሬዲዮ ይሰማል። ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጀልባ ላይ ጃኬት እንዲለብስ የግዛቲቱ ሕግ ያስገድዳል፤ እሱም ልጁን ሳይሆን አባቱን ጠርቶ ሲያናግር አይቻለሁ፣ በዝግታ፣ ሳያዋርድ። የጀልባዎቹን የሽንት ቤት ፍሳሽ የሚመጥጥ ሌላ ጀልባም ነበረው፤ በዚያ ግዛት የባሕር ዳርቻ ውኃ ላይ ፍሳሽ መልቀቅ ክልክል ነው።

አንድ ቀን ሰማዩ ለእኔ ንጹሕ መስሎ ሳለ ቀይ ባለ ሦስት ማዕዘን ባንዲራ ሲሰቀል አየሁ። ለትናንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ነው አሉኝ። ለመውጣት ገመድ ሲፈቱ የነበሩ ሁለት ሰዎች ባንዲራውን ቀና ብለው አዩና ገመዳቸውን መልሰው አሰሩ። ምንም አልተባባሉም። ከሁለት ሰዓት በኋላ ነፋሱ መጣ። ያን ጊዜ የግንቦቷ ቀን ትዝ አለችኝ፣ የልጁ ወገብ ላይ የታሰረችው ነጠላም ጭምር።

የጃኬት ነገር ለምን እንዲህ እንደሚያንገበግበኝ አንድ ቁጥር ይናገርልኝ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ በየዓመቱ በሚያወጣው ዘገባ በ2023 እ.ኤ.አ. በመዝናኛ ጀልባ አደጋ ሰጥመው ከሞቱትና ጃኬት መልበስ አለመልበሳቸው ከታወቀው ውስጥ ላይፍ ጃኬት ያልለበሱት 87 ከመቶ ናቸው። ያ ሁሉ ሬዲዮ፣ ያ ሁሉ ሄሊኮፕተር ባለበት አገር ነው። እኛ ጋ ሄሊኮፕተሩ ያው የጭነት ጀልባው ነው።

እኛ ጋ ለዚህ ሥራ የተለመደ ስም እንኳ የለንም። «የወደብ ሹም» እንበለው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት መጥቶ ሰማዩን ያያል፣ ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ደሴት ደውሎ እዚያ ያለውን ነፋስ ይጠይቃል፣ ባንዲራ ይሰቅላል። አረንጓዴ ከሆነ መውጣት ነው፤ ቀይ ከሆነ ማንም፣ የባለሥልጣን እንግዳ የጫነም ቢሆን፣ አይወጣም። አንድ ደብተር ይኖረዋል። የጀልባው ስም፣ የካፒቴኑ ስልክ፣ የተሳፋሪው ቁጥር፣ የሄደበት፣ የሚመለስበት ሰዓት። ሰዓቱ ካለፈ ይደውላል፤ ካልተነሣ ጀልባ ያስነሣል። አንድ ደብተርና እስክሪብቶ የሚሠራው ሥራ ይህን ያህል ነው።

ጃኬት ሳይለበስ ገመድ አይፈታም። የልጅ ጃኬት የሌለው ጀልባ ልጅ አይጭንም። ነዳጅ ተሳፋሪ ባለበት በጀሪካን አይቀዳም፤ ደሴት ላይ ያሉ ሰዎች ይህንኑ ውኃ ይጠጡታል፣ ዳር ላይ የሚያብረቀርቀው የነዳጅ ቀለም እዚያው ይደርሳል። አባይ መውጫው ላይ ጉማሬ ለማሳየት የሚደረገው ሽሚያም ይቁም፤ ግልገል ያላትን ጉማሬ በአራት ጀልባ ከብቦ ሞተር ማስጮህ ለእሷም ለተሳፋሪውም ደግ አይደለም።

ስለ ታንኳ ግን ለብቻው ልጠይቅ፣ አባቴን አስቤ። ታንኳ ከደንገል የሚታሰር፣ ከውኃው እምብዛም ከፍ የማይል ነገር ነው። ቀዛፊው እንጨቱ ላይ ቁጭ ብሎ ረጅሙን መቅዘፊያ ግራና ቀኝ ይጥላል። ፈጣን ጀልባ በአጠገቡ ሲያልፍ እንግዶቹ ፎቶ ያነሡታል፤ ከጀልባው በስተኋላ የሚመጣው ማዕበል ግን ጭነቱን ይፈታዋል፣ አንዳንዴም ይገለብጠዋል። አባቴ የሳምንት እንጨቱ ሲበተን ቆሞ ሲያይ አይቻለሁ። ጀልባው ዞርም አላለ። ታንኳ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ፍጥነት እንዲቀነስ የሚያስገድድ ሰው ቢኖር ያን ቀን ዳቦ ይዘን እንገባ ነበር። ሞተር ያለው ሁሉ፣ እኔም ጭምር፣ ይህ ሐይቅ መጀመሪያ የታንኳ እንደነበር ማስታወስ አለብን።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ የምትሉ አላችሁ። በማሳቹሴትስ በጀልባ ላይ ከሚሰበሰበው ዓመታዊ ግብር ግማሹ ለወደብና ለውኃ መንገድ ጥገና በተለየ ሂሳብ ይቀመጣል፤ ሌላ ጉዳይ አይነካውም። እኛም የምንከፍለው አለ። ከእሱ ላይ የሚታወቅ ድርሻ ወደ ወደቡ ቢመለስ የአንድ ሰው ደመወዝና የአንድ ተንሳፋፊ መረማመጃ ወጪ ማኅበራቱን የሚያስጨንቅ አይሆንም። እኔ በበኩሌ ገንዘቤ የት እንደገባ በዓይኔ የማየው ከሆነ ከአሁኑ ጨምሬ እከፍላለሁ።

ባልደረቦቼ ያላቸው ፍርሃት ሌላ ነው፤ እሱንም በአክብሮት አቀርባለሁ። «ሌላ ሹም ማለት ሌላ እጅ የሚዘረጋ ሰው ማለት ነው» ይላሉ። ከብዙ ነገር የመጣ ፍርሃት ስለሆነ አልነቅፋቸውም። ስለዚህ ክፍያው በትልቁ ተጽፎ ይለጠፍ፤ ያለ ደረሰኝ ሳንቲም አይቀበል። ባንዲራውን ለአንዱ ቀይ ለሌላው አረንጓዴ ሲያደርግ ከተገኘ በዚያው ቀን ይነሣ። ከማኅበር ኃላፊዎች መካከል ደግሞ አይሾም፤ ከተራው የሚጠቀም ሰው ተራውን ሊያስቆም አይችልም። ውኃውን የሚያውቅ፣ መዋኘት የሚችል፣ ቢቻል የድሮ ካፒቴን ወይም ታንኳ ቀዛፊ ይሁን።

በዚህ ጊዜ፣ እንግዳ በቀነሰበት፣ ብዙ ጀልባ ታስሮ በሚውልበት ሰዓት ይህን ማንሣቴ የቅንጦት ሊመስል ይችላል። እኔ ግን ጊዜው አሁን ነው እላለሁ። ጎርጎራ ላይ ትልቅ ሪዞርት ተሠርቷል። አዲሱ የአባይ ድልድይ ከግንቦት 2016 ዓ.ም ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ጣናነሽ 2 የተባለችው ትልቅ ጀልባ ከጅቡቲ በየብስ ተጎትታ ጣና ደርሳለች። ሰላም ሲሆን፣ እግዚአብሔር ያምጣው፣ ሰው በአንድ ጊዜ ይጎርፋል። ያን ጊዜ ሥርዓት ላበጅ ማለት ማዕበል መካከል ጃኬት ከከረጢት እንደመፍታት ነው። ትልልቆቹ መርከቦች የራሳቸው ሠራተኛና አሠራር አላቸው፤ የእኔ ልመና ለትናንሾቹ ነው፣ አሥርና ሃያ ሰው ለሚጭኑት።

መልሳችሁን እጠብቃለሁ። እስከዚያው ግን ቁጭ አልልም። ከመጪው ሰኞ ጀምሮ የእኔ ጀልባና የአራት ባልደረቦቼ ጀልባዎች ከመውጣታቸው በፊት ስማቸውን፣ የተሳፋሪውን ቁጥርና የሚመለሱበትን ሰዓት በአንድ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ደብተሯ ወደቡ ላይ ጀበና ቡና ከምታፈላው እህታችን ዘንድ ትቀመጣለች፤ ቀኑን ሙሉ እዚያው ስለምትውል የገባውንና የወጣውን ከማንም በላይ የምታየው እሷ ናት። ስልኳን ለሁላችንም ሰጥታለች። ሹሙ የተሾመ ቀን ደብተሯን ከእሷ ይረከብ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዘጌ ልጅ፣ የጀልባ ካፒቴን
ባሕር ዳር